ለእትዬ ቬኑ እምቢ ያለው ቁራ

እትዬ ቬኑ የሞተችው የሙታን ሁለት ሳምንት ባለቀ በአራተኛው ቀን ነው። የሠፈሩ ሰው «ሥራዋን ጨርሳ ሄደች፤ መታደል ነው» አለ። ሰው መቼም የሞተን ለማመስገን አይሰንፍም። እሷ ግን ሥራዋን አልጨረሰችም ነበር። ጨርሳ ቢሆን ኖሮ ቁራው ምን አስቀየመው?

ከመጀመሪያው ልጀምር። እኔ ማንዳ፣ ጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ፓይታን ከተማ የገባሁት ከከተማው በላይ ያለው ግድብ ተሠርቶ ባለቀበት ዓመት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ሆኜ ነው። የአማቴ ቤትና የእትዬ ቬኑ ቤት ጓሮ ለጓሮ ናቸው። የሚለያቸው እስከ ደረቴ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ ብቻ ነው። በዚያ ግንብ ላይ ሐሜትም፣ ሎሚም፣ የወጥ ሽታም፣ የሁለቱ ቤት ድመትም ያለ ፈቃድ ይሻገራሉ። እሷ ያኔ አርባን አለፍ ያለች፣ ቀጭን፣ ግንባሯ ላይ የባለትዳር ቀይ ነጥብም፣ እጇ ላይ አምባርም የሌላት ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር።

መተዳደሪያዋ ለሙታን ማብሰል ነው። በእኛ ዘንድ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጨረቃ በምትጎድልበት ሁለት ሳምንት፣ ሙታን ወደየቤታቸው ይመጣሉ። እያንዳንዱ ቤት ሟቹ በሞተበት ዕለት ተዝካሩን ያበስላል። ምግቡ በሙዝ ቅጠል ተደርጎ መጀመሪያ ለቁራ ይቀመጣል። ቁራ ሳይቀምስ ሰው አይቀምስም፤ አያቶቻችን የሚበሉት በቁራ አፍ ነዋ።

በእነዚያ አሥራ አምስት ቀናት እትዬ ቬኑ ሃያ ቤት ታበስላለች። ሲነጋጋ ጎዳቫሪ ወርዳ ትታጠባለች፤ ከታጠበች ወዲያ ማንም አይነካትም። አንድ ሕፃን የልብሷን ጫፍ ከያዘ ተመልሳ ወንዝ መውረድ ነው። ሌላው ሕግ ደግሞ ይብሳል፤ የሙታን ምግብ ሳይቀመስ ነው የሚሠራው። አብሳይዋ ማንኪያ ወደ አፏ ካደረሰች ድስቱ በሙሉ ይደፋል። እኔ ሳልቀምስ የሠራሁትን ወጥ ቁራ ቀርቶ ጎዳና ላይ ያደረ ውሻ አሽትቶ ትቶት ሄዷል። የእሷ ግን አንድ ቀን ጨው በዝቶበት ወይም አንሶት አያውቅም።

«ጨው በምላስ አይደለም የሚታወቀው፣ ሙሽሪት» ትለኝ ነበር። «በጆሮ ነው። ወጡ ጨው ሲበቃው አፈላሉ ይለወጣል። ስሚው እስቲ።»

ሠላሳ ዓመት ጆሮዬን ድስት ላይ ደፍቼ ኖርኩ፤ አንድም ቀን አልሰማሁም።

ሰው ሁሉ የሚፈልጋት ግን ስለ ጨው ብቻ አልነበረም። እትዬ ቬኑ የሠፈሩን ሙታን አፍ ታውቃለች። ማን ምን ይወድ እንደነበር፣ ማን ምን ሲቀርብለት ፊቱን ያጠቁር እንደነበር፣ ልጆቻቸው የረሱትን እሷ አትረሳም። ጆግሌካሮች ቤት ለሟቹ ሽማግሌ ዱባ ሲከተፍ አይታ «ኧረ ተዉት ይሄን ዱባ!» አለች አሉ። «በሕይወታቸው ሚስታቸው በግድ አበላቻቸው፤ አሁን እንኳ ይረፉ እንጂ።» ሚስትየዋ እዚያው ተቀምጠዋል። ለአንድ ለሞተ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ደግሞ በቅጠሉ ጫፍ በትንሽ ብርጭቆ ሻይ አስቀመጠች። ካህኑ ጋሼ ናርሃሪ ደነገጡ።

«ቬኑ፣ ሻይ በመጽሐፍ የለም» አሏት።

«ሰውየው የኖረው በመጽሐፍ ነው እንዴ? በሻይ ነው የኖረው። ስኳር ሦስት።»

ጋሼ ናርሃሪ እስከ ዛሬ ስለዚያች ሻይ ያነሳሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ከሁሉ የምትፈለገው ግን በአሥረኛው ቀን ነው። ሰው በሞተ በአሥረኛው ቀን ወንዝ ዳር የሩዝ ድብልብል ይቀመጥለታል። ቁራ መጥቶ ከነካው ሟቹ ጠግቦ ሄዷል ማለት ነው። ካልነካው ሆዱ ውስጥ የቀረ ምኞት አለ፤ ቤተሰቡም ቁራው የሚፈልገውን እስኪሰማ ድረስ እየጮኸ አንድ በአንድ ቃል ይገባለታል። ቃሉ ሁሉ አልቆ ቁራው አሁንም እምቢ ካለ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ካህኑ ከሣር ትንሽ ቁራ ይጠመዝዙና ድብልብሉን በእሱ ነክተው ነገሩን ይዘጉታል። ሴት እዚያ ስለማትወርድ፣ ሲቸግራቸው ወደ እትዬ ቬኑ ሰው ይልካሉ። እሷም ከምጣዷ ቀና ሳትል «ላሚቱን አንሸጥም በሉት» ወይም «ታናሽ ወንድምህን ታርቀናል በሉት» ትላለች። መልክተኛው ሮጦ ይሄዳል፤ ቁራው ይበላል። የሣሩን ቁራ ግን አምርራ ትጠላው ነበር።

«ሣር አይበላም» ትላለች። «ሟቹን ሸኘሁ ብሎ ማታለል ነው።»

«ያንቺስ ቀን ሲመጣ እትዬ ቬኑ?» አልኳት አንድ ጊዜ ለነገር።

«የኔ? እኔ ምን ምኞት አለኝ? ርስት የለኝ፣ ጠበኛ የለኝ። እናንተ እጃችሁን ሳትታጠቡ ቁራው ጨርሶ ይሄዳል፤ ታያለሽ።»

ከገባሁ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ የሁለቱ ሳምንት የመጨረሻ ቀን፣ የሰው ሁሉ ተዝካር አልቆ እሷም ደክሟት ከተመለሰች በኋላ፣ በግንቡ አሻግሬ አየኋት። ከግንቡ ጫፍ፣ የዘይቱኑ ዛፍ ጥላ በሚያርፍበት፣ አውራ ጣት የምታህል ሩዝ በወተት የተቀቀለች በቁራጭ ቅጠል አድርጋ አስቀመጠች። ጨው የላት፣ ቅመም የላት።

«የማናት እቺ ደግሞ?» አልኳት።

«የቁራ ጫጩት ናት።»

«ደግሞ ለጫጩት ማሰብ ጀመርሽ? ለከርሞ ለጉንዳንም ትደግሻለሽ።»

ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር፤ እኔ ግን ወጣት ነበርኩና አላስተዋልኩም።

በሦስተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለድኩ። ዘጠኝ ቀን ኖረች። በእኛ ዘንድ ስም የሚወጣው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስለሆነ ስም አልነበራትም። ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው ሬሳ አይቃጠልም፤ ባለቤቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ወንዝ ዳር ቀበሯት፣ ታጠቡ፣ ተመለሱ። ሕፃን ተዝካር የለውም። ቀንም፣ ቅጠልም፣ ድብልብልም የለውም። አማቴ ራሴን እየዳበሱ «ስም ላልወጣለት አይለቀስም፤ ሌላ ትወልጃለሽ» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንቡ ነው። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እሷ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እሳቸው ዝም ካሉ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ጡቴ ግን ዝም አላለም፤ ሳምንት ሙሉ ልብሴን አራሰው።

የዚያን ዓመት የመጨረሻው ቀን ላይ እትዬ ቬኑ በግንቡ በኩል ጠራችኝ። ከዘይቱኑ ጥላ ሥር ሁለት ቁራጭ ቅጠል ነበር።

«አንዷ የቺሚ ናት» አለችኝ።

«ቺሚ ማን ናት?»

«ልጄ ናት። ሁለት ዓመት ኖረች። ከአባቷ በአንድ ዓመት ቀደመች። ጥርሷ ገና ስለሆነ ቅመም አልጨምርባትም።»

ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ጥርሷ ገና ነው።

«ሁለተኛዋ ያንቺ ናት» አለችኝ ቀጥላ። «ስሟን ስለማላውቅ የማንዳ ልጅ ብዬ ነው ያስቀመጥኩላት።»

«ይሄ በመጽሐፍ አለ እንዴ?» አልኳት።

«መጽሐፉን የጻፈው አልወለደም።»

ግንቡን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ። ያን ቀን ገና አልታጠበችም ወይ፣ ታጥባለች ወይ አላሰብኩም፤ በግንቡ ላይ ደረቷ ላይ ወደቅሁ። እሷም አላባረረችኝም። ቁራ መጥቶ ሁለቱንም በልቶ ሲሄድ አብረን አየን። እንደዚያ ቀን ሰው ወድጄ አላውቅም።

ከዚያ ወንዶች ልጆች ተከታትለው መጡ፤ ሁለት። ሰው ሲጠግብ ይረሳል። መጀመሪያ ላይ በየዓመቱ ግንቡ ጋ አብሬያት እቆም ነበር። በኋላ ትምህርት ቤት፣ ትኩሳት፣ የአማቴ ሕመም፣ ያንዱ ፈተና፣ ያንዱ ጠብ፤ «እሷ ታስቀምጥልኛለች» እያልኩ ለእሷ ተውኩት። ታስቀምጥልኝ ነበር። አንዳንድ ዓመት በኩሽናዬ መስኮት ሁለቱን ቅጠሎች አያቸውና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። አንዳንድ ዓመት አላያቸውም።

እንዲህ እያለ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነ። እትዬ ቬኑ ሰባ አራት ደረሰች። በዚያ ዓመት ክረምት፣ ሁለቱ ሳምንት ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት ከወንዝ ስትመለስ ደረጃው ላይ ወደቀች። ቀኝ ጎኗ ሞተ፤ አንደበቷም ተያዘ። የወንድሟ ልጅ ጋጃናን ከፑኔ ከተማ መጥቶ ሐኪም አሳያትና ወደ ባንክ ሥራው ተመለሰ። የማበላት፣ የማጥባት እኔ ሆንኩ። አልጋዋን ጓሮውን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ አደረግሁላት።

ያን ዓመት የሠፈሩ ሙታን ምን እንደበሉ እነሱ ይወቁ። ሁሉም ቤት በየራሱ አበሰለ፤ ጨው የበዛበትም ያልገባበትም ነበር። ጋሼ ናርሃሪ ሁለት ቀን ሆዳቸውን አሟቸው፤ ሻይ ነው የጠጡት፣ በመጽሐፍ የለም ያሉትን።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ቬኑ ግራ እጇን አነሳች፤ ወደ መስኮቱ ጠቆመችኝ።

«ነፋስ ነው እትዬ? ልዝጋው?»

ዘጋሁት። ራሷን ወዘወዘች፤ አሁንም ጠቆመች። ከፈትኩት። አሁንም ጠቆመች።

«ፀሐዩ ነው? ዓይንሽን ወጋሽ?»

መጋረጃ አልነበራትም። ከቤቴ አረንጓዴ የአልጋ ልብስ አምጥቼ በሁለት ሚስማር ሰቀልኩላት። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ሕመሙ ነው ብዬ ጠረግሁላት፤ እንደ ሕፃን አባበልኳትና እራቴን ልሠራ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ እጇን አላነሳችም። በአራተኛው ቀን ፊቷን ወደ አረንጓዴው ጨርቅ እንዳዞረች ሞተች።

አሥረኛው ቀን ወንዶቹ ሁሉ በጠዋት ወንዝ ወረዱ። ጋጃናን ራሱን ተላጭቶ ሥርዓቱን የሚፈጽመው እሱ ነበር። እኔ እቤት ሆኜ «አሁን መጡ፣ አሁን መጡ» ስል ፀሐዩ ከፍ አለ። ከዚያ ባለቤቴ ብቻቸውን እያለከለኩ በጓሮ በር ገቡ።

«ቁራው እምቢ አለ» አሉኝ።

«ለማን?»

«ለማን ትያለሽ? ለቬኑ ነዋ! ሰባት ቁራ ዛፍ ላይ ተደርድሯል፤ አንዱ አይወርድም። ጋጃናን ቤቱን አልሸጥም ብሎ ማለ፤ ቁራው ጀርባውን ሰጠው። የጆግሌካሮች ልጅ ድመቷን እኔ አሳድጋለሁ አለ። ያ ጎረምሳ የፓራንጅፔ ልጅ ደግሞ ተነስቶ 'ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እናቴ የወሰደችብሽን ሙቀጫ እመልሳለሁ' ብሎ በአደባባይ እናቱን አዋረደ። እሱም አልሠራም። ናርሃሪ ሣር ቆርጠዋል።» ፊታቸውን በኩታቸው ጠረጉ። «አንቺ ታውቂያለሽ። ምን ትወድ ነበር?»

ምን ትወድ እንደነበር አላውቅም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጓሮ ለጓሮ ኖሬ፣ የሞተ ሁሉ የሚወደውን ከእሷ ሰምቼ፣ እሷ የምትወደውን አንድ ምግብ አላውቅም። ሳትቀምስ አብስላ ሳትቀምስ ሄደች፤ እኛም አልጠየቅናትም። አፈርኩ። ዓይኔን ከባለቤቴ ላይ አንስቼ ወደ ቤቷ ሳይ፣ በግንቡ ላይ በመስኮቷ በኩል አረንጓዴው ጨርቅ ታየኝ። እዚያው እንደሰቀልኩት ነው።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት ምን አለ? ግንቡ ነው። የግንቡ ጫፍ፣ ዘይቱኑ።

«ወይ እኔ!» አልኩ። «ወይ እኔ ደንቆሮ! ንፋስ መስሎኝ!»

ነጠላ ጫማዬን ሳላደርግ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ «አንቺ! ሴት እዚያ አትወርድም!» ይላሉ።

«ቁራውስ ወንድ ነው ያለው ማነው?» አልኳቸው ሳልዞር። በጋብቻ ዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲያ የመለስኩላቸው።

ደረጃውን ስወርድ ወንዶቹ ዞረው አዩኝ፤ ማንም ግን አልከለከለኝም፣ ፊቴን አይተው ይሆናል። ጋሼ ናርሃሪ ተቀምጠው ሣሩን እየጠመዘዙ ነው፤ ክንፉን ጨርሰው ምንቃሩን ጀምረዋል።

«ይተዉት ጋሼ» አልኳቸው። «ሣር አይበላም።»

«ልጄ፣ ሰዓቱ ደርሷል...»

«ሰዓቱ ይጠብቅ!»

የሩዙ ድብልብል ድንጋይ ላይ ነው። ቁራዎቹ ከዛፉ ላይ ወደ እኔ ያያሉ። የቺሚን ስም ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ከእናቷ በቀር ሃምሳ ዓመት አልነበረም።

«እትዬ ቬኑ!» ብዬ ጮኽኩ። «የቺሚን እኔ አስቀምጣለሁ! በየዓመቱ፣ ቅመም ሳልጨምር፣ ዘይቱኑ ጥላ ሥር! ዘንድሮ ያስቀረሁባት እኔ ነኝ። ጠቁመሽኝ አልገባኝም። መስኮቱን ዘጋሁብሽ። ይቅር በይኝ!» አሁንም አልወረዱም። ያኔ የቀረው ታወቀኝ፣ እሱን ለማለት ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። «የልጄንም» አልኩ። «የልጄንም እኔው አስቀምጣለሁ። ካሁን በኋላ ባንቺ ላይ አልጥልም።»

አንድ ቁራ ከታችኛው ቅርንጫፍ ወረደ። ድንጋዩ ላይ ሁለቴ ዘለለ፤ ዙሪያውን አየ፤ በላ። ከዚያ ሌሎቹ መጡ።

ጋጃናን በተላጨ ራሱ እንደቆመ «ቺሚ ማን ናት?» አለ። የገዛ አክስቱ ልጅ ናት፤ እንደነበረች የነገረው ሰው የለም። ጋሼ ናርሃሪ ያልተጨረሰውን የሣር ቁራ ወንዙ ላይ ጣሉና ተነሱ። ባለቤቴን ፈለግኋቸው፤ ከደረጃው ራስ ላይ ቆመው፣ ቁራውን ሳይሆን ራቅ ብሎ ያለውን የወንዙን ዳር ያዩ ነበር። ልጃችንን የቀበሩበት የትኛው ቦታ እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ያን ቀንም አልጠየቅኳቸውም። ወደ ቤት ስንሄድ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ።

ዓመቱ ዞሮ የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ሩዙን በወተት ቀቀልኩ። ጨው ስለማይገባበት እኔ እንኳ አላበላሸሁትም። እትዬ ቬኑ የራሷ ቀን ስላላት ጋጃናን ሙሉ ቅጠል አድርጎላታል፤ እኔ የትንንሾቹን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሁለቱን ቁራጭ ቅጠሎች ከግንቡ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና ቁራ እስኪመጣ ቆምኩ። ከኋላዬ የበሩ ድምፅ ተሰማኝ። ባለቤቴ ናቸው፤ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«የእኛዋ የቷ ናት?» አሉኝ።

አሳየኋቸው። እጃቸውን ዘረጉና ትንሽ ወደ ጥላው አስጠጓት።